ዘጠኝ ቦታ አይሰማም

«ለጆሮ! እስቲ አሁን ለጆሮ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ይወጣል?»

የባሌ እህት ናት። ገና በማለዳው፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጎራ ብላ፣ ኩሽና ውስጥ እናቷን ቁም ስቅል ታሳያለች። እኔ ፎጣዬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ፊቴን ልታጠብ ስሄድ ነው ኮሪደሩ ላይ ተገትሬ የቀረሁት። የሰው ወሬ ተደብቆ ማዳመጥ አልወድም፤ የሚወራው ስለ እኔ ከሆነ ግን የት ልሂድ? «ጥርስሽን አስተክዪ ብለን ስንለምንሽ ከረምን። ገንዘብ የለኝም አልሽ፣ እሺ አልን። የጡረታ ውዝፍሽ ሲመጣ ግን ቀጥ ብለሽ ለእሷ ማዳመጫ! ምን አዙራብሽ ነው እማዬ? ከመንገድ ዳር በሦስት መቶ ሃምሳ ይሸጥ የለም እንዴ?» እማማ፣ ማለትም አማቴ፣ ዳቦ ይቆርጣሉ። ከእሳቸው በኩል የሚሰማው ቢላው ጣውላው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለሥራዬ የሚሆነውን የጆሮ ማዳመጫ የገዛልኝ ባሌ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ትናንት ከሥራ ሲገባ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «ያንቺ ነው» አለኝ፤ ስንት ተገዛ ስለው «እኔን አትጠይቂኝ» ብሎ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሲደክመው ቃል አይወጣውም፤ ስለዚህ ዝምታውን ከትሕትና ቆጠርኩለት። አንገቱን አቅፌ ግራና ቀኝ ጉንጩን ስስመው ዝም ብሎ ተሳመ። ዓይን አውጣ! ያ ሁሉ መሳም ለካ ያለ አድራሻው ነው የገባው።

ለነገሩ እማማ ይገዙልኛል ብሎ ማን ያስባል? አንድ ጣራ ሥር ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው፤ በቀን የሚነግሩኝ ቃል ቢቆጠር አስር አይሞላም። ሳሎን ውስጥ እሳቸው በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ፣ እኔ ከጎናቸው ሶፋው ጫፍ ላይ፤ የውሎዬን ወሬ ሳወራላቸው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አይነቅሉም። መጀመሪያ ሰሞን እየቀለድኩም፣ እያሽቃበጥኩም ሞክሬያለሁ። በኋላ ሆድ ባሰኝና ተውኩት። በቃ፣ ለልጃቸው አልመረጡኝም፣ አልወደዱኝም አልኩ። ቂም አልያዝኩም ብል ውሸቴን ነው፤ ይዤ ነበር።

ወደ ኩሽና ገባሁ። የባሌ እህት የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው ፈገግ ስትል ስለምትውል ፊቷን መቀየር አይከብዳትም። «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ» አለችኝ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። «ከሰማሽ ጥሩ» አለች፤ እሷም መልስ አታጣም። «ደረሰኙ ካርቶኑ ውስጥ አለ። በሰባት ቀን ውስጥ ከመለስሽው ገንዘቡን ይሰጡሻል። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ። እናቴ ባንድ ጎን እያኘከች፣ ሠላሳ አንድ ሺህ ጆሮሽ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይ አንጀቴ አይችልም።» ሠላሳ አንድ ሺህ! የሁለት ወር የቤት ኪራያችን እኮ ነው። እማማን አየኋቸው። ቁራሽ ዳቦ አፋቸው ውስጥ ነበር፣ እውነትም ባንድ ጎን ብቻ ያኝካሉ፤ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስበላ ይሄን ልብ አላልኩም። «ከድሮው የማይሻል ከሆነ ዛሬውኑ ወስጄ እመልሰዋለሁ» አልኩ። እልህ ብቻ አልነበረም፤ የልቤን ነው የተናገርኩት። ጆሮዬ ያው ጆሮዬ ነው፤ ለሠላሳ አንድ ሺህ ብሎ ሌላ ጆሮ አይሆንም።

ሥራዬ መስማት ነው። የችሎት ድምጽ ከምሠራበት ድርጅት በኮምፒውተር ይላክልኛል፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። የሥራ ቦታዬ መኝታ ቤት ውስጥ፣ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ነው። ጠረጴዛዬ ከአሮጌ በር የተሠራ ስለሆነ የቁልፉ ቀዳዳ አሁንም አለ፤ የማዳመጫዬን ገመድ የማሾልከው በእሱ ነው። እግሬ ሥር ፔዳል አለ፤ ስረግጠው ድምጹ ይሄዳል፣ ስለቀው ይቆማል፣ በተረከዜ ስነካው ወደ ኋላ ይመለሳል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ሰምተሽ ካልያዝሽው በቅንፍ «አይሰማም» ብለሽ ታልፊያለሽ። አስር «አይሰማም» ያለበት ፋይል ግን ተመላሽ ነው፤ የደከምሽበት አይከፈልሽም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ሁሉ አንድ ዘዴ አለችን፤ ማንም ለማንም አይነግርም፣ ሁሉም ያውቃል። የማይሰሙ ቦታዎች ከተጠጋጉ፣ መሀል ላይ የምትሰማውንም ቃል አብረሽ ትውጫትና አንድ «አይሰማም» ታደርጊያቸዋለሽ። እኔ በዚህ የተካንኩ ነኝ። ፋይሎቼ ዘጠኝ ላይ ቀጥ ይላሉ።

የባሌ እህት ስትሄድ በሬን ዘግቼ ፈተናውን ጀመርኩ። በአንድ በኩል የሦስት መቶ ሃምሳዋ፣ ስፖንጇ የተላጠ፣ የግራው በኩል ገመዱ ካልተጠመዘዘ የማይሠራ። በሌላ በኩል አዲሱ፣ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጆሮን እንዳለ ሽፍን የሚያደርግ። ባሌ የሚወደውን ዘፈን ከፈትኩ። በአሮጌው ሰማሁ፣ በአዲሱ ሰማሁ፤ ዘፈኑ ያው ዘፈን። ከበሮው ትንሽ ጠለቅ አለ፤ ለከበሮ ደግሞ የሁለት ወር ኪራይ አልከፍልም። ደስ አለኝ እንዳልል ከፋኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእማማ የደረሰኝ ብቸኛ ስጦታ እኮ ነው። ቢሆንም ደረሰኙን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ካርቶኑንም አዘጋጀሁ። ለሕሊናዬ ያህል አንዴ በሥራ ድምጽ ልሞክረው ብዬ ትናንት ያስረከብኩትን ፋይል ከፈትኩ።

የአንዲት ልብስ አጣቢ ክርክር ነው። በአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ የግቢው ባለቤት ሲሞቱ ወራሾቹ ይውጡልን አሉ። እሳቸው ደግሞ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ክፍሏን ሰጥተውኛል ይላሉ። ጠበቃ የላቸውም። ዳኛው «ድምጽዎን ከፍ ያድርጉ እናቴ» ሲላቸው «እሺ ጌታዬ» ይሉና ይባስ ዝቅ ያደርጉታል። ከጣሪያው ማራገቢያ ይንጓጓል፣ ሰው ያስላል፣ በር ይጮኻል። በአሮጌው ማዳመጫ ያን ሁሉ ጫጫታ ሰምቼ እሳቸውን አልሰማሁም። ዘጠኝ ቦታ «አይሰማም» ብዬ ላክሁት፤ ከዘጠኙ አንዱ ራሱ ሦስት ቦታ ተጣምሮ የተሠራ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆን ንግግር በአንዲት ቃል ከድኜ፣ ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ።

ፔዳሉን ረገጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ጸጥታ ነው። የጎረቤት ሬዲዮ የለም፣ መንገዱ የለም፤ ማራገቢያው አለ ግን ወደ ጥግ ተገፍቷል። ከዚያ ልብስ አጣቢዋ አጠገቤ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። ምራቃቸውን ሲውጡ ሁሉ ሰማሁ። «ቀኑ ማክሰኞ ነው ጌታዬ። ቧንቧው ፈንድቶ ሰውየው እየጠገነ ነበር። ጋሼ ወደ ጓሮ መጡና፣ ይቺ ክፍል ያንቺ ናት፣ ማንም እንዳያስወጣሽ አሉኝ። ቧንቧ ሠሪውን መፍቻውን እንደያዘ፣ አንተ ምስክር ነህ አሉት። ከአጥሩ ማዶ ልብስ ሰፊው ነበር፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ እኔም እመሰክራለሁ አለ። ሁለቱም አሉ ጌታዬ። ብትጠሯቸው ይመጣሉ።» ፔዳሉን ለቀቅኩት። አጣምሬ የከደንኩት እሱን ነው። ሁለት ምስክር፣ ከነመፍቻው፣ ከነአጥሩ።

እዚያው ፋይል መጨረሻ ላይ ዳኛው ያለውን ደግሞ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ እኔ ተዛውሬያለሁ፣ መዝገቡን የሚቀጥለው ሌላ ዳኛ ነው፣ ከጽሑፉ አንብቦ ይወስናል። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። አዲሱ ዳኛ የሴትየዋን ፊት አላየ፣ ድምጻቸውን አልሰማ፤ የሚያየው የኔን ቅንፍ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ማዳመጫው ይመለሳል፣ የእማማ ጥርስ ይተከላል፣ የባሌ እህት ትረካለች፣ እኔም ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ በሦስተኛው ስንብት ነው፤ ከደመወዜ ግማሹ ኪራይ ላይ ይገባል። ሁሉም ሰው ደህና ይሆናል፣ ከአንዲት ልብስ አጣቢ በቀር። እንዲህ እያሰብኩ ጆሮዬ ላይ ግን «ሁለቱም አሉ ጌታዬ» ትላለች ያቺ ድምጽ። አንጀቴን በላችኝ። ስልኬን አነሳሁ።

አለቃችንን ከጀርባዋ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የምንላት፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል ገጹን ትመልሳለችና። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማጣመሩን ጭምር። «ስንት ቦታ አጣምረሻል?» አለችኝ። «ሦስቱን አንድ አድርጌ» አልኩ። «ሁላችሁም እንደምታደርጉት አውቃለሁ» አለች፤ ድምጿ ከቁጣ ይልቅ የደከመው ሰው ድምጽ ነበር። «ሰነዱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለፍርድ ቤቱ ይሄዳል። እስከዚያ አስተካክለሽ ካደረስሽ በአዲሱ ይተካል፣ ካላደረስሽ ያው ትናንት የላክሽው ነው የሚሄደው። የዚህ ፋይል ክፍያ የለሽም። ጥፋትሽን ደግሞ በጽሑፍ እፈልገዋለሁ።» «ስንብት ነው?» አልኩ። «ያስረከበውን ፋይል ተመልሶ የሰማ ሰው በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ አላየሁም» አለች። «እሱን ነገ እናወራለን። አሁን ጻፊ። ስለደወልሽልኝም አመሰግናለሁ።» ከዚያች ሴት አፍ ምስጋና ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁሉ እጄ ላይ ይዤው ቆየሁ።

ጻፍኩ። ምሳ አልበላሁም። በአሮጌው ማዳመጫ በእጄ ጆሮዬ ላይ እየተጫንኩ፣ አንገቴን አጣምሜ የምሰማውን፣ በአዲሱ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሰማሁት። የተጣመሩትን ፈታኋቸው፣ የዋጥኩትን አወጣሁ። የክፍሏን ጣሪያ በገዛ ገንዘባቸው ቆርቆሮ እንዳለበሱ፣ ሟቹ ሲታመሙ ማን እንዳስታመማቸው፣ ወራሾቹ የመጡበትን ቀን፣ ሁሉንም። አስር ሰዓት ሲሆን ስምንቱ ቦታ ሞላ። አንድ ቀረ። ንግግራቸውን ጨርሰው ሲነሱ አንድ ነገር ይላሉ፤ ሦስት ሰከንድ ብትሆን ነው፤ ወንበሩ ሲጎተት ላይዋ ላይ ይሄድባታል። አስር ጊዜ ሰማሁ፣ ሃያ ጊዜ ሰማሁ። አንዷን መተው ደንቡ ይፈቅዳል፤ ማንም አይጠይቀኝም። ግን እልህ ያዘኝ። ከዘጠኝ ጊዜ በኋላ አንዲት እንኳ ልነፍጋቸው አልፈለግኩም።

እማማ ሻይ ይዘው ገቡ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩ፤ ዓይናቸው ደረሰኙና ባዶው ካርቶን ላይ አረፈ። ዞረው መሄድ ጀመሩ። «እማማ» አልኩ። አልዞሩም። «እማማ፣ ልመልሰው አይደለም፣ ይስሙኝ እንጂ!» መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ብሽቀት ሁሉ አናቴ ላይ ወጣና ከወንበሬ ተነስቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። ደንገጥ ብለው ዞሩ። ከንፈሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ የግራ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«በዚህ አልሰማም ልጄ። በቀኙም መንገዱ ሲጮህብኝ አይሆንልኝም።»

ሶፋው። መስኮቱ። እሳቸው ቀኛቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ እኔ በግራቸው ተቀምጬ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳወራ! ወይ እኔ! አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸውና በቀኝ በኩል ተንበረከክሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአስር ቃል በላይ አወሩኝ። ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተዋል፤ የደወለውን ከሚፈልገው ሰው ጋር ማገናኘት ነበር ሥራቸው። «የሚሰጡን ማዳመጫ የማይረባ ነበር» አሉ። «መስመሩ ድንገት ይጮህብሻል፤ ጆሮሽ ውስጥ ምስማር የመቱብሽ ነው የሚመስልሽ። ደህናውን የሚያደርጉት ተቆጣጣሪዎቹ ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ አያዳምጡም። ጡረታ ስወጣ ይሄኛው አብሮ ወጣ። ለልጆቼም አልነገርኩ፤ ደነቆረች ብለው ወሬያቸውን እንዳያስቀሩብኝ ብዬ። አንቺን በበሩ በኩል ሳይሽ፣ እጅሽን ጆሮሽ ላይ ተጭነሽ፣ አንገትሽን እንዲህ ሰብረሽ። ያ አቀማመጥ የኔ ነው። ጥርስ ለመብላት ነው፤ እኔ በልቻለሁ። ጆሮሽ ግን እንጀራሽ ነው ልጄ፣ ሲሄድ ደግሞ ሳይሰናበትሽ ነው የሚሄድ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እኔ ደግሞ ሳለቅስ አያምርብኝም። «አመሰግናለሁ እማማ» አልኳቸው፣ በቀኝ ጆሯቸው፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ስላዩኝ አመሰግናለሁ። የማያዩኝ ነበር የሚመስለኝ።» ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል የባሌን እህት ጭምር አመሰገንኩ በሆዴ። እሷ በማለዳ ያን ሁሉ ባትጮህ ማዳመጫውን አልፈትንም፣ ፋይሉን አልከፍትም፣ ልብስ አጣቢዋም ነገ በቅንፍ ውስጥ ታፍነው ችሎት ይቀርቡ ነበር። የተተከለ ጥርስ ዋጋውን ጠይቄ በየወሩ ከደመወዜ እንደማስቀምጥ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ደመወዝ ካለኝ ማለት ነው።

ሰዓቱን አየሁ። አስር ሰዓት ከሃያ አምስት። ፋይል ለሌላ ሰው ማሰማት ክልክል ነው፤ እኔ ግን ደንብ መጣስ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቢጨመር ምን ለውጥ አለው? ለማንም አይነግሩም፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ምሥጢር ያለፈበት ጆሮ ነው። «እማማ፣ አንዲት ቦታ አልያዝ አለችኝ» አልኩና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ አስተካክለው፣ የግራውን ወደ ኋላ ገፍተው የቀኙን ብቻ ጆሯቸው ላይ አሳረፉ። ጀርባቸው ቀጥ አለ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው በጠረጴዛው ላይ ሄዶ የሆነ ገመድ እንደሚፈልግ ዳበሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ፔዳሉን በእጄ ተጫንኩላቸው። አንዴ ሰሙ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ከንፈራቸው አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ሴትዮዋ እኮ እያመሰገኑ ነው» አሉ። «‹ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ› ነው ያሉት። ወንበሩን እየገፉ።»

ስለሰማችሁኝ። ያቺን ነው «አይሰማም» ብዬ የጻፍኩባቸው። ቅንፏን አጠፋሁና የሴትየዋን ቃል እንዳለ ጻፍኩ፣ ነጠላ ሰረዟን ሳልረሳ። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ላክሁት። «ደርሷል፤ ተክቼዋለሁ» የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ለእማማ መላኩን በእጄ ምልክት አሳየኋቸው፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቁም። ወንበሬ ላይ እንደተደላደሉ ኮምፒውተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ሌላ ያልሰማሽው ሰው አለ?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። የዚህ ወር ፋይሎች ገና ከኮምፒውተሬ አልጠፉም፤ አስራ ሰባት ናቸው፣ ሁሉም ዘጠኝ ላይ ቀጥ ያሉ።

«አለ እማማ» አልኩ። «ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። «ክፈቺው።»